ከሜዳው ሥር ያለው ጉድጓዴ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ለእሳቸው ጾም መግደፌን፣ ሚዛን ላይ ጣቴን ማሳረፌን፣ አንድ ጊዜም ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን ተናዝዣለሁ። ትንንሹን እየዘረዘሩ ትልቁን ማሳለፍ የነጋዴ ብልሃት ነው፤ ገዢ የከረጢቱን አፍ ያያል እንጂ ታችኛውን አይገለብጥም። ዛሬ ልገለብጠው ነው። የምገለብጠውም ጻድቅ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው።

ከዲላ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቡና መሰብሰቢያ ግቢዬ ጀርባ፣ አንድ የስፖርት ሜዳ አለ። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ነው፤ ከዐሥር ሰዓት በኋላ የሰፈሩ ነው፤ ቅዳሜ የሁለቱም ነው። ይህን ያሰበችው የስፖርት አስተማሪዋ መምህርት አልማዝ ናት። ያኔ ተማሪዎቹ ሜዳ ስላልነበራቸው አስፋልት ዳር ከአይሱዙ ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር፤ የሰፈሩ ጎረምሳም ኳሱን የሚያንከባልለው ገበያ ውስጥ ነው። እሷ ሁለቱን ወገን አስታርቃ ኮሚቴ አቋቋመች። እኔ የነዋሪው ተወካይ ሆኜ ተመረጥኩ። ለምን እኔ? ስለማስቃቸው ይመስለኛል።

መሬቱ የቀበሌ ነው፣ ለብዙ ዓመት ጦሙን ያደረ። ለሌላው ጦሙን አደረ እንጂ እኔስ ተጠቅሜበታለሁ። ሜዳ የሚባል ነገር ሳይታሰብ እሸት ቡና እየገዛሁ በእጅ መፈልፈያ አጥብ ነበር። የእሸት ልጣጭ ይከረፋል፤ ወንዝ ውስጥ ብትጥለው ያስከስሳል። ስለዚህ እዚያ መሬት ጥግ ላይ፣ እንሰቱ ከመንገድ በሚከልለው ቦታ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ሦስት የቡና ወቅት ሙሉ ልጣጭ ሞላሁበት። እጥበቱን ስተው ከላይ አፈር አለበስኩት፤ ሣር በቀለበት። ቆፋሪዎቹ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ቡናው ሲያልቅ ወደየአገራቸው ሄዱ። የሚያውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልጣጭ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ይጎድላል፣ ከላይ ያለው አፈር ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኔም አልተማርኩም፤ ግን አውቅ ነበር።

ሜዳው የሚለካ ዕለት ቀያሹ ሜትር፣ ችካልና ዲጂኖ ይዞ መጣ። አራቱንም ጥግ ቆፍሬ አፈሩን ልይ አለ። እኛ ዘንድ ግን መሬት ለጋራ ሲሰጥ ከዲጂኖ በፊት ሽማግሌ ይናገራል። አባባ ጂግሶ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሰው፣ ዱላቸውን ተክለው ቆሙ።

“ይቺ መሬት ሆዷ ውስጥ ምን አለ? መቃብር አለ? ምንጭ አለ? የሚያውቅ ሰው ዛሬ ይናገር።”

ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። ሁለቱን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ዞረው እኔን አዩኝ።

“ደምሴ፣ አንተ ጎረቤቱ ነህ። የጎረቤት ቃል ይበቃል። በል ተናገር።”

ብናገር ምን ይሆን ነበር? ሜዳው ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ ያለው ደግሞ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቼን ዘርግቼ የራሴ ያስመሰልኩት የቀበሌ መሬት ነው። ይኸው ነው ምክንያቱ። ሌላ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፣ ግን የለኝም።

“አለት ነው አባባ!” አልኩ። “ሽንት ቤት ላስቆፍር ብዬ ሦስት ዲጂኖ ጎበጠብኝ። ሰፈሩ ይመስክር፤ እስከ ዛሬ እንሰት ውስጥ ነው የምጸዳዳው!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀያሹ ሳቀ። መምህርት አልማዝ እንኳ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አባባ ጂግሶ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፤ ዲጂኖው ተመልሶ መኪና ላይ ተጫነ። ጎረቤት የመሰከረለትን፣ ሽማግሌ የመረቀውን መሬት መቆፈር ሽማግሌውን ውሸታም ማለት ነው። ቀያሹ ያገር ልጅ ነው፤ እንዴት ይደፍራል? እኔ ይህን አስቀድሜ አውቅ ነበር። በሽማግሌው ፊት ዋሸሁ፤ በቀልድ ጠቅልዬ ዋሸሁ። አስለቅሻቸው ቢሆን ኖሮ ይጠረጥሩኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲዘንብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ጥግ ላይ ሄጄ እቆማለሁ። የሰፈሩ ተጫዋቾች፣ “ጋሽ ደምሴ፣ ኮርና ላይ የተተከሉት ሐውልት ሊሆኑ ነው?” ይሉኛል። “ደመወዝ ይጠይቁ እንጂ!” ይላል ሌላው። የኳስ ፍቅር ያሳበደኝ ይመስላቸዋል። እኔ የማየው እግራቸውን ነው። አንዱ ወደዚያ ሲሮጥ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲመለስ እለቀዋለሁ። ይህን ያህል ከፈራህ ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ይህንኑ እጠይቃለሁ። በየዓመቱ መናገሩ እየከበደ፣ ዝምታው እየለመደብኝ ሄደ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ የሴቶቹ የዱላ ቅብብል ሩጫ ነበር። የመጨረሻዋ ሯጭ ማርታ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እንደ እሷ የሚሮጥ በአካባቢው አልነበረም። ጥጉን ስትታጠፍ መሬቱ ግራ እግሯን እስከ ጭኗ ዋጠው። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት።

“እግሬ! ቲቸር፣ እግሬን!”

ከእኔ እስከ እሷ አምስት እርምጃ ነው። ከሁሉም የምቀርበው እኔ ነበርኩ። አልሄድኩም። ከሥሯ ምን እንዳለ ስለማውቅ ለራሴ ፈራሁ። መምህርት አልማዝ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ሮጣ መጥታ፣ እኔን አልፋ፣ በደረቷ ተኝታ ልጅቷን ጎትታ አወጣቻት። የማታውቀው ሮጠች፤ የማውቀው ቆምኩ። አፌ ብቻ ሠራ፤

“ፍልፈል ነው! ይሄ ፍልፈል አገሩን ጨረሰው!”

ሁሉም አመኑኝ። ጉድጓዱን የቆፈረው ፍልፈል ሆነ፤ ጥፋቱ ደግሞ የአስተማሪዋ። ወላጆች፣ “በእርጥብ ሜዳ ለምን አስሮጠች?” ብለው ተነሡ። ሰፈሩ ትምህርት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱ ሰፈሩን ወቀሰ። ኮሚቴው ተሰብስቦ መምህርት አልማዝ ከኮሚቴው ትውጣ ሲባል እኔ እጄን አወጣሁ። ይህን እጅ። እሷ አንድ ጊዜ አየችኝና ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። ማርታ ዛሬ ታነክሳለች። ሩጫው ሲካሄድ ፊሽካ ይዛ ትቀመጣለች።

የተናደው የጉድጓዱ ጫፍ ብቻ ነው። የቀረው እዚያው አለ።

በዚህ ወር ኮሚቴው ለተመልካች መቀመጫ እንሥራ አለ። የት? “ፍልፈሉ ያለበት ጥግ ማንም አይሮጥበትም፤ ሰው ይቀመጥበት” አሉ። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ድጋፍ ተብሎ ተያዘ። ድንጋዩ ተራግፏል፤ ሰኞ ግንበኛ ይገባል። ትናንት ሳልፍ ማርታና ጓደኞቿ የድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጠው ሸንኮራ ይመጥጣሉ። ከሥራቸው ሣሩ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

“ማርታ፣ ተነሺ ከዚያ! ተነሡ!” አልኩ።

“ምነው ጋሼ፣ ድንጋዩም የርስዎ ነው?”

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደግሜ ሳቅሁና መንገዴን ቀጠልኩ።

ስለዚህ ጻፍኩት። አንዱን ወረቀት ለመምህርት አልማዝ፣ አንዱን ለአባባ ጂግሶ ልኬያለሁ፤ ይህን ደግሞ ዛሬ ሜዳው ላይ ለምትገኙት ለእናንተ። ለምን ለሦስት ወገን? ራሴን ስለማውቀው ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢያውቅ ነገ አስቄው አስረሳዋለሁ።

ይቅርታ ልጠይቅ? በምን አፌ? የልጅቷን እግር ይቅርታ አይመልሰውም፤ የአስተማሪዋን ስምም ያጠፋሁት በስብሰባ ፊት ነውና የምመልሰው በስብሰባ ፊት ነው፤ ከተመለሰልኝ። ስለ እኔ የምትፈርዱትን ለሰኞ አቆዩት። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፤ ሜዳው የሁሉም ነው። ከኮርናው ባንዲራ ተነሥታችሁ ወደ እኔ አጥር ዐሥራ ሁለት እርምጃ፣ ወደ ሜዳው ውስጥ አምስት፤ ጉድጓዱ እስከዚያ ነው። እኔ አጭር ሰው ነኝ፤ ረጅም ሰው ይለካው፣ ቢተርፍ ይሻላል። እባካችሁ ልጆቹን ከዚያ አስነሡልኝ። ቢስቁባችሁም አስነሡልኝ።