ሦስተኛው ሳህን

ቤተሰቡ «ዶክተሩ» ይለዋል። ዶክተር ግን አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ የአይጥ የልብ ሴሎችን በመስታወት ሳህን የሚያሳድግ ቴክኒሻን ነው። ይመግባቸዋል፣ ያሞቃቸዋል፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ ትር ትር ሲሉ ያያቸዋል። ስሙን አርሞ አያውቅም። ሰው የሚያሞግሰውን ስህተት ለማረም ሁልጊዜ ነገ ይላል።

ያሳደገችው አክስቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። አንድ እሑድ ዘመድ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ «እስቲ ዶክተሩ፣ እዚያ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችው።

እሱም ጨዋታው መጣለት። ኦክስጅን ለልብ ሕይወት ቢሆንም፣ መልኩን ሲለውጥ ብረትን እንደሚበላ ዝገት እንደሚበላት አስረዳ። «ያንን ዝገት አንዱ ሳህን ላይ ጨመርንበት፤ ሴሎቹ ቀጥ አሉ። ሌላው ግን ዝገቱ ሲጨመርበት ይኼ ያንቺ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ሐረግ ቅጠል ነበረበት። ይኸው እስከ ዛሬ ይመታሉ!»

ቤቱ በአድናቆት ተንጫጫ። ሦስተኛውን ሳህን አላነሳም። እዚያኛው ላይ ቅጠሉ የተጨመረው ሴሎቹ ከተጎዱ በኋላ ነበር፤ አንዱም አልተረፈም። ወሬው ያለሱ ይጣፍጥ ስለነበር ተወው። ውሸት በመጨመር ብቻ አይመጣም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሊጠይቃት ቢሄድ፣ ትራስ ደራርባ ተደግፋ፣ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት አገኛት።

«መድኃኒትሽን አልወሰድሽም እንዴ?»

«ምን ሊያደርግልኝ? ያንተን ቅጠል እያፈላሁ እጠጣለሁ እንጂ። እግሬ ያበጠው በሽታውን ወደ ታች እየገፋው ይሆን?» ብላ እንደ ተማሪ ዓይን ዓይኑን አየችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ሁለቱንም አብረሽ ውሰጂ» ብሎ ሹልክ ማለት ይችል ነበር፤ ክብሩም በተረፈ። ግን ትንፋሿን ሰማ። የሚሞት ሴልም ከመቆሙ በፊት እንዲህ ምቱ ይዛባል።

«አክስቴ፣ ሦስተኛ ሳህን ነበረ» አለ። ሁሉንም ነገራት፤ ቅጠሉ የረዳው ገና ያልተጎዳውን ሴል መሆኑን፣ እሱም ቢሆን በሳህን እንጂ በሰው እንዳልተሞከረ።

«ታዲያ ያን ቀን አፍህን ምን ዘጋው?»

«ሁላችሁም እያያችሁኝ ነበር።»

«ጉድ እኮ ነው! እኔ ልቤን ስሰጥህ አንተ ጭብጨባ ትለቅማለህ?» አለችው።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለ።

«እሄዳለሁ። አንተ ግን መጀመሪያ የጎረቤቴን በር አንኳኳ። እሷም ልቧን ያማታል፤ ዶክተሩ ነገረን ብዬ ከአጥሬ ቀንጥሼ ሰጥቻታለሁ።»

«ስንመለስ እነግራቸዋለሁ...»

«አሁን! እኔ እግሬ የሚገባበት ጫማ እስካገኝ ትደርሳለህ።»

ሄዶ አንኳኳ። ጎረቤቲቱ በሩን ከፍታ ስታየው ፊቷ በራ። በእጇ ብርጭቆ ይዛለች፤ ከሥሩ አረንጓዴ አተላ ዘቅጧል።

«ውይ ዶክተር! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ፣ ይግቡ!»

«ዶክተር አይደለሁም፣ እናቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እባክዎ፣ መጀመሪያ ያንን ብርጭቆ ያስቀምጡልኝ።»