አራት ዱላ በአንድ ገመድ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው አልጋ ሲገፋ የኖረ ሰው፣ መጨረሻ ላይ የት ደረሰ ይባላል? ጋሽ ጃፋር ራሳቸውን እንዲህ ብለው የጠየቁት ጡረታ በወጡ ማግስት ነው። ስዊድን አገር፣ ሁዲንጌ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍል ሲያመላልሱ የሄዱት መንገድ ቢቀጠል፣ ደሴ አድርሶ በመለሳቸው ነበር። አሁን ግን መንገዳቸው አልቢ ሰፈር ካለው ቤታቸው እስከ ምድር ቤቱ የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ሁላችን ትቬትስቱጋ እስከምንለው ክፍል ድረስ ሆነ።

ያም ክፍል ሰላም አልነበረውም። ክፍሉን ሁለት ሕንፃ ይጋራዋል። አንዱ የሌላውን ተራ ይወስዳል፤ ያኛው እርጥቡን ልብስ ከማሽን አውጥቶ ወለል ላይ ይከምረዋል። ግድግዳው በስድብ ወረቀት ተሞላ። በመጨረሻ አከራዩ ደብዳቤ ላከ፤ ጠቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልበረደ ክፍሉ ይዘጋል። ጋሽ ጃፋር ደብዳቤውን ሲያነቡ የታያቸው የባለቤታቸው የፈሂማ ጉልበት ነው። በበረዶ ላይ አንሶላ ተሸክማ ሌላ ሰፈር የምትሄድበት ጉልበት የላትም፤ እሳቸውም ያለ ከዘራ አይራመዱም።

መላውን ያገኙት ከጎረቤታቸው ከሮሳ ነው። ሮሳ ከቺሊ የመጣች ማፑቼ ናት፤ ስፔኖች ሳይመጡ በፊት አገሩ የእነሱ ከነበረው ሕዝብ ወገን። ማሽኑ እስኪጨርስ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የአያቶቿን ወግ ታወራቸዋለች። ስፔኖች ፈረስና ጠመንጃ ይዘው መጥተው ዘጠና ዓመት ያህል ቢዋጉ አልሆን ሲላቸው፣ ቢዮ ቢዮ የሚባለውን ወንዝ ድንበር ብለው ለእርቅ ተቀመጡ። የማፑቼ አለቆች በትራቸውን ከስፔኑ ገዥ በትር ጋር አንድ ላይ አሰሩ። የሚናገረው እጁን እስሩ ላይ ያኖራል፤ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። ድግሱ በስፔኖቹ ነው።

«ታዲያ እርቁ ዘለቀ?» አሏት ጋሽ ጃፋር።

«ፈረሰ እንጂ» አለች ሮሳ። «ሲፈርስ ደግሞ እንደገና ይቀመጣሉ። አንተ ልብስ አንዴ አጥበህ ተገላገልህ?»

ጋሽ ጃፋር ሳቁ፤ ነገሩ ግን ሲያብሰለስላቸው ሰነበተ። ወሎ ሳሉ ብዙ ሽምግልና አይተዋል፤ እርቅ የሚፈርሰው ሽማግሌው ስላልበቃ ይመስላቸው ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሁለቱን ሕንፃ ሰው ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ። የራሳቸውን ከዘራ፣ የሮሳን መጥረጊያ፣ የማዶውን ሕንፃ ስዊድናዊ ጡረተኛ የላርስን የበረዶ መንሸራተቻ ዘንግና የሌላዋን ጎረቤት የናዝሬትን የመወልወያ እንጨት በፈሂማ የልብስ ገመድ ጠፍረው አሰሩ። ፈሂማ ሳምቡሳዋን ይዛ ስትመጣ አየቻቸው።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ሰው ልታስታርቅ ነው ድንኳን ልትተክል?»

መጀመሪያ እስሩን የጨበጠው ላርስ ማድረቂያው ውስጥ ስለሚቀር ብናኝ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ማንም አላቋረጠውም፤ ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ እሱ ራሱ ሲጨርስ ግራ ገባው። ቀጥላ ናዝሬት ያዘችው። እርጥብ ልብስ ወለል ላይ የምትከምረው እሷ ነበረች። የአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃዋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ተራ መያዝ አልቻለችም፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም። ላርስም የእሑድ ተራ ፈረቃው ለሚለዋወጥበት ሰው ይተው አለ። ሳምቡሳው ሲያልቅ ሁሉም የእርቁ ወረቀት ላይ ፈረመ፤ በኋላም አከራዩ ክፍሉን ሳይዘጋው ቀረ።

የዚያን ቅዳሜ ጋሽ ጃፋር ከሠላሳ አንድ ዓመት ጉዞ በኋላ አንድ ቦታ የደረሱ መሰላቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ እስሩ እንዳለ ከማሽኖቹ በላይ ይሰቀል፣ እርቁ በፈረሰ ጊዜ ቅርብ ይሁን። ላርስ በረዶው ሊጥል ነው ብሎ ዘንጉን መዘዘ። ሮሳ በምን ልጥረግ አለች። ናዝሬትም እንጨቷን ፈታች፤ ፈሂማም ከዘራውን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው፣ እንዳይወድቁ። ቢያንስ ገመዱን ተዉልኝ ብለው ዞር ሲሉ፣ እርጥብ አንሶላ ተሰጥቶበታል።