ቀዩን ኮከብ የሚቆጥሩት ሴት

በአብዮቱ ጊዜ ሲያስሩኝ ያስገቡኝ ከነጋዴ የተወረሰ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ቆዳው ተወስዷል፤ ጨውና የበሰበሰ ስብ ግን ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ሙቀቷ ከባድ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ወለሉ ያልበዋል። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፤ በሩ ሥር አንድ ባልዲ። መጀመሪያ እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን በዚያ ሽታ ውስጥ በላሁ። ከሽታው ይልቅ መብላቴ አስጠላኝ።

ከጎኔ የሚተኙት አንዲት አሮጊት ነበሩ። “አኮ” እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ከቦረና ለመተሐራ አገዳ ቆራጭ ተድረው የመጡ ናቸው። የታሰሩት ወንድ ልጃቸው ስለሸፈተ ነው። አማርኛ ስለማይችሉ የሚያወሩት ኦሮምኛ ከምችለው ከእኔ ጋር ነበር።

ለሽንት የሚያወጡን ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ አኮ ሰልፉ ውስጥ ቆመው ሰማይ ያያሉ። አንድ ቀን ከጨረቃ ጎን ያለ ቀላ ያለ ትልቅ ኮከብ አሳዩኝ።

“በከልቻ ነው” አሉኝ። “ጨረቃ እሱ ዘንድ በመጣች ቁጥር አንድ ወር እቆጥራለሁ። ሴት ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ጨረቃ ሁለት ጊዜ እሱ ዘንድ ስትመጣ ትወልዳለች።”

“እዚህ ሆነው ማወቁ ምን ያደርግልዎታል?”

“በጊዜዋ እጸልይላታለኋ። ሌላ ምን አለኝ?”

ከኋላችን የቆመችው ሴት ሰምታለች። ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ታስተምር የነበረች ናት፤ ኦሮምኛ አሳምራ ታውቃለች። ከሦስታችን በቀር የሰማ አልነበረም። በሳምንቱ እሷ ብቻ ሳሙና አገኘች። ያን ሁሉ ግማት እየሸተትን፣ እሷ መሃላችን ሳሙና ሳሙና እየሸተተች ትተኛለች። ዛሬም የሚያቅለሸልሸኝ የቆዳው ሽታ አይደለም፤ የሳሙናው ነው።

ከዚያ እኔንና አኮን ጠሩን። መርማሪው ፓፓያ እየበላ ፍሬውን ወለሉ ላይ ይተፋል።

“አሮጊቷ በኮከብ ቀን ትቆጥራለች አሉ። ሽፍቶቹ ከተማ የሚገቡበትን ነው አይደል?”

“ልጃቸው የምትወልድበትን ነው።”

“አዋላጅ ናት በይኛ!” ሳቀ። “የአንቺዋ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?”

“ሁለት።”

“ነገ ታቅፊያታለሽ። ‘ኮከቡ የሽፍቶች ምልክት መሆኑን ነግራኛለች’ ይላል ወረቀቱ። ፈርሚና ሂጂ።”

አኮ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

“ሕፃን አለሽ” አሉኝ። “ፈርሚ። እኔ አርጅቻለሁ።”

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከጽሑፉ ግርጌ፣ ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ እንደምጽፈው ፊደሉን አጥርቼ፣ “ሴትዮዋ ያሉት ልጃቸው የምትወልድበትን ወር ብቻ ነው” ብዬ ጻፍኩ። ፊርማዬን ከእሱ ሥር አኖርኩ።

በጥፊ መታኝ። እጁ ላይ የነበረው የፓፓያ ፍሬ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ። ክፍላችን እስክንመለስ አልጠረግኩትም።

አኮን ከወር በኋላ በመኪና ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔ ዓመት ከአራት ወር ቆየሁ። ስፈታ ልጄ በእህቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸሽጋ “ይቺ ሴትዮ ማን ናት?” አለች።

ያቺ መምህርት ዛሬም አዳማ ትኖራለች። አምና ለቅሶ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

“ያኔ ሁላችንም ተሠቃየን አይደል፣ እህቴ?” አለችኝ፣ ንፍሮ እያቀበለችኝ።

“አንቺ ምን ሆንሽ?” አልኳት።

ንፍሮውን ከእጇ አልተቀበልኩም። ለቅሶው ላይ ከጎኔ የነበሩት ሴቶች አርጅተሻል፣ ይቅር በያት ይሉኛል። እሷ አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም። ያልተጠየቅኩትን ከምን አምጥቼ ልስጥ?