አየሩ እስኪወጣ

ሲስተር የብርጓል ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙ ሳይርቅ ባለ አንድ ሆስፒታል የኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የመሸንቲ ልጅ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷም እንደዚያው። ሥራዋን ሲጠይቋት "ፈስ እጠብቃለሁ" ትላለች። ዘመዶቿ ያፍሩባታል፤ እሷ ግን እውነቷን ነው።

የልጅ አንጀት በካሜራ ቱቦ ሲታይ፣ ገለጥ እንዲል አየር ይነፋበታል። ያ አየር ካልወጣ ሆድ ይወጠራል፣ ያማል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገባለት፤ እሱን ደም ይመጥጠውና ልጁ በትንፋሹ ያስወጣዋል። የብርጓል መጀመሪያ አላመነችውም። ማደንዘዣ የወሰደ ልጅ ትንፋሹ ከደከመ ጋዙ ደሙ ውስጥ እንዳይከማች ፈርታ ዓይኗን ከመቆጣጠሪያው አትነቅልም ነበር። ዛሬም አትነቅልም። ግን ልጆቹ ሆዳቸውን ሳያማቸው ወደ ቤት ሲሄዱ እያየች ወደደችው።

ባለፈው ሐምሌ የጋዙ ሲሊንደር አለቀ። የወረታው ነጋዴ የሀጂ ሙሀመድአወል ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሪሃብ፣ ደም ያስቀምጣት ስለ ነበር ቀጠሮዋ ሊተላለፍ አልቻለም፤ በአየር ታየች። ከሰዓት በኋላ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

ዶክተር ይትባረክ ሆዷን ሲዳስሱ ፊታቸው ተለወጠ። "አንጀቷ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ራጅ ትነሣ፤ ቀዶ ሐኪሙም ይዘጋጅ።"

"ባለፈው ጊዜ እዚሁ ስትታይ እንዲህ አልሆነችም እኮ፣ ሲስተር" አሉ ሀጂ።

"ያኔ በጋዙ ነበር፣ ሀጂ።"

ሪሃብ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጉልበቶቿን አጣብቃ፣ አባቷን በቆረጣ ታያለች። የብርጓል ይህን አኳኋን አወቀችው፤ ከበሽታ ሳይሆን ከአስተዳደግ የሚመጣ ነው። በእኛ አገር ልጅ ሆዱ ይፈነዳል እንጂ አባቱ ፊት አይፈሳም።

"ሁላችሁም ውጡልኝ። የራጁ ሰው እስኪመጣ ብቻ" አለች። በሩን ዘጋችና ልጅቷን በግራ ጎኗ አስተኛቻት።

"የኔ እናት፣ የያዝሽውን ልቀቂ።"

"አባየ በር ላይ ነው፤ ይሰማል። አፈርሁ።"

"ሐፍረትሽ ቢላ ሊያስነካሽ ነው!" አለቻት ጮክ ብላ። የተቆጣችው ስለ ፈራች ነው፤ ግምቷ ከተሳሳተ የልጅቷን ጊዜ እያባከነች ነው።

ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ ሀጂ ስልክ እንደሚያናግር ሰው መጮህ ጀመሩ። "አሰላሙ አለይኩም! ኧረ ይሰማል! ወረታ ዝናቡ እንዴት ነው?" ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። ሪሃብ አባቷ ወሬ መያዛቸውን ስትሰማ ጉልበቷን አላላች። አየሩ ወጣ፤ ደግሞም ወጣ። ሆዷ ለሰለሰ። አለቀሰች፤ የብርጓልም አለቀሰች። ኋላ የተነሣችው ራጅም ደህና መሆኗን አሳየ።

የምሥራቹን ለመንገር በሩን ስትከፍት፣ ሀጂ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እንባቸው እየወረደ፣ አሁንም ስለ ወረታ ዝናብ ይጮሃሉ። እጃቸው ላይ ስልክ አልነበረም።