የወንድሜ ክርስትና እና የብስክሌት ውድድሩ

ኦክላንድ ውስጥ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ብስክሌተኞች ተግተልትለው ሲያልፉ፣ የጎማቸው ድምፅ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ወደነበረ አንድ እሑድ መለሰኝ።

ታናሽ ወንድሜን ክርስትና ልናስነሳ ከሳን ሆዜ ወደ ኦክላንድ ስንመጣ ፖሊስ መንገዱን ዘጋብን። ሳምንቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ የሚካሄደው ትልቁ የብስክሌት ውድድር በዚያ ያልፋል ተባለ። የክርስትና አባት የሚሆኑት ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው ብስክሌት ይወዳደሩ ነበር። መኪናውን ፓርክ አድርገው ወረዱ።

እናቴ የሚያለቅሰውን ሕፃን ታቅፋ ተከተለቻቸው። "ጋሽ ተፈራ፣ ዞረን እንሂድ እንጂ። ቄሱ እየጠበቁን ነው።"

"ቆዪ፣ ብስክሌተኞቹ አሁን ይደርሳሉ።"

ብዙ ቆይተው ደረሱ፤ በቅጡ ሳናያቸውም አለፉ። የላብና የቅባት ሽታ ብቻ ቀረ።

"ለዚህ ነው የቆምነው?" አለች እናቴ።

"አሸናፊው የሚለየው የሁሉም ቀን ሰዓት ተደምሮ ነው" አሉ ጋሽ ተፈራ ረጋ ብለው። "አንድም ቀን አንደኛ ሳይወጡ ማሸነፍ ይቻላል። ዋናው በየቀኑ አለመዘግየት ነው።"

"እኛ ግን ዛሬ ዘገየን።"

ስንደርስ ቅዳሴ ገብቶ ስለነበር ቄሱ ለሳምንት ቀጠሩን። በሳምንቱ እናቴ ሌላ የክርስትና አባት ይዛ ሄደች። ጋሽ ተፈራም ነጠላቸውን ለብሰው መጥተው ከኋላ ቆሙ። አየቻቸው፤ ወደ ፊት ይምጡ ግን አላለቻቸውም። ለማን እንደማዝን ዛሬም አላውቅም።