ሮዙ ኮራልና የገንዳው ጠርዝ ላይ ያለው ክር

ሰፈርተኛው ሚሊሜትር ብሎ ነው የሚጠራው። ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት መርፌና ክር ይዞ ሲኖር “ተሳሳትኩ” የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ሱሪ ቢያጥር ደንበኛው ነው ቁመት የጨመረው፤ ኮት ቢጠብ ጨርቁ ነው የተሰበሰበው። የገዛ ሚስቱ በሰርጓ ቀን ጠቧት ትንፋሿን ይዛ የዋለችበትን፣ እሱ ራሱ የሰፋውን ቀሚስ እንኳ እስከ ዛሬ “ጨርቁ ነው” እንዳለ አለ። ምን ይደረግ፣ አመሉ ነው።

አንድ ልጁ ለስድስት ወር ሥራ ርቃ ስትሄድ የምትሳሳለትን የመስታወት ገንዳ አደራ የሰጠችው ለዚህ ሰው ነው። ገንዳው ውስጥ ጨዋማ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ደግሞ አንድ ሮዝ ኮራል። ሲያዩት የድንጋይ ቅርንጫፍ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ሲስማማው ጥቃቅን ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ሲከፋው ይሰበስባል። ልጅቱ አውራ ጣት ከምታህል ቁራጭ ነው ያሳደገችው። “አባዬ፣ ቀለሙን ተከታተልልኝ። ከነጣ እየሞተ ነው” አለችው።

ቀለም? ለሚሊሜትር? ከመሳቢያው ቁርጥ ኮራሉን የሚመስል ሮዝ ክር መረጠና ጥቅሉን ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከመብራቱ ስር አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስፌት መኪናው ላይ ከመቀመጡ በፊት ሁለቱን ማስተያየት ልማዱ ሆነ።

በሦስተኛው ወር የገንዳው መብራት ተቃጠለ። ሱቅ ሄዶ ካለው ሁሉ ኃይለኛውን ገዛ። መርፌ ቀዳዳ ላይ ሲያፈጥ ለኖረ ሰው ብርሃን በዛ የሚባል ነገር የለም። ሳምንታት አለፉና ኮራሉ ጣቶቹን ሰበሰበ። የውሃውን ጨው ለካ፣ ሙቀቱን ለካ፣ ልጁ የተወችለትን የመመርመሪያ ጠብታ ሁሉ ሞከረ፤ ምንም ጉድለት የለም። ሚስቱ ከበሩ ላይ ቆማ ነጥቷል አለችው። ክሩን አስጠጋ፤ ያው ነው። ክር ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ አላት። በማግስቱም ነጥቷል አለችው፤ መነጽር ያስፈልግሻል አላት። ልጁ ልትመጣ አምስት ሳምንት ቀርቷታል፤ እሱ ደግሞ እህል አልወርድለት ብሏል። አደራ በልቶ ልጁን በምን ዓይኑ ይያት?

አንድ ጠዋት የደንበኛ ሮዝ ቀሚስ ሊቀመቅም ቢል መሳቢያው ውስጥ ሮዝ ክር አጣ። የገንዳውን ጥቅል አንስቶ መስፋት ጀመረ። ጥቂት እንደተተረተረ ከውስጥ የወጣው ክር ሌላ ሆነ፤ ደማቅ ሮዝ። ጥቅሉን ገልብጦ አየው። መብራቱን ያየው ጎን ገርጥቷል፣ ጀርባው እንዳለ ነው። ወይ ጉድ! ተንበርክኮ ኮራሉን ከስር አየው። ከቅርንጫፎቹ በታች፣ ጥላው ውስጥ፣ ሮዝ ነው፤ ከላይ አመድ መስሏል። ክሩና ኮራሉ እኩል እየነጡ፣ እሱ በየቀኑ “ያው ነው” ሲል ከርሟል። አፈረ።

መብራቱን አንድ ስንዝር ከፍ አደረገው። ከመብራቱ በታች ስስ የመጋረጃ ጨርቅ አራት አጥፎ ወጠረ፤ በየሳምንቱ አንድ እጥፍ ይቀንሳል። ክሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ጠዋት ጠዋት ሚስቱን እየጠራ አንቺ እዪልኝ ይላት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ጎንበስ ብላ አየችና ጣት አወጣ አለችው። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቱ ስትመጣ ጫፍ ጫፉ ገና ቀለሙን አልመለሰም ነበር፤ ከስር ግን ሮዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሳትጠይቀው ነገራት።

“መብራት ያበዛሁበት እኔ ነኝ። ነጥቷል ያለችኝ እናትሽ ናት፤ አልሰማኋትም።”

ልጅቱ ሻንጣዋን አስቀምጣ ገንዳው ላይ ተደፋች፤ ቆይታ ይድናል አለችው። ሚሊሜትር እፎይ አላለም። ወደ ሚስቱ ዞረ።

“የሰርግሽም ቀሚስ… ጨርቁ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠበብኩት።”

ሚስቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትንሽ አየችው።

“ታዲያ አሁን ልተንፍስ?” አለችው።