ሰባቱ ትርፍ ዓመታት

ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ የድሮ ጎረቤታችንን ጋሽ ተሾመን ለማየት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ወረድኩ። ኪሴ ውስጥ አንድ ፎርም ነበር። በኅዳር የቀበርነው የወንድሜ የግሩም መቃብር ላይ ድንጋይ ሊቆም ነው፤ ፎርሙ ድንጋዩ ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚሞላበት ነው። ስሙን ሞልቻለሁ። የተወለደበት ዓመት ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። እንደቆመ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ወንድሜ ሁለት ዕድሜ ነበረው። በወረቀት አርባ ነው። እናቴ ስትቆጥር ሠላሳ ሦስት። ለቀብሩ ያሳተምነው ወረቀት ላይ ዕድሜው ከመታወቂያው ተገልብጦ አርባ ተብሎ ወጣ። እናቴ አነበበችውና ቀና ብላ፣ "ይሄ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ማነው?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፤ "እኔ የማላውቀው ሰው ድንጋይ ልጄ ላይ አይቆምም።" ጋሽ ተሾመ ደግሞ በስልክ፣ "ተው ልጄ፣ ወረቀትና ድንጋይ አይጣሉ፤ ያንተም የእናትህም የኢሚግሬሽን ፋይል የተነሳው ከሱ ወረቀት ነው" ብለውኛል። እኔ በሁለቱ መሀል ነኝ።

ጋሽ ተሾመን ያገኘኋቸው ድሮም ከማይጠፉበት ቦታ፣ ድሮ አብረን ከኖርንበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ከሌላው ጎረቤታችን ከብሩክ ጋር ይከራከራሉ። የከተማችን የቤዝቦል ቡድን በዚህ ብርድ ማንን ማስፈረም እንዳለበት ነበር ነገሩ። ሲያዩኝ ሁለቱም ብድግ አሉ። ለቀስተኛ ሲገባ እንደሚደረገው። ከዚያ ጋሽ ተሾመ ወንበሩን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ "ና ቁጭ በል። አንተ ምን ትላለህ?" አሉኝ።

እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የዛሬ አምስት ዓመቱ ቅዳሜ መጣብኝ።

ያኔ አሥራ ስምንት ሊሞላኝ ነበር። ግሩም ዲቪ ደርሶት ቀድሞን መጥቶ፣ ዜግነት ሲያገኝ እናቴን አስመጣ፤ እናቴ ደግሞ እኔን። ሦስታችንም ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግሩም ጋር ልብስ ይዘን እንወርዳለን። ከውጪ በረዶ፣ ከውስጥ የማድረቂያዎቹ ሙቀትና የሳሙና ሽታ። መስኮቶቹ ከመሬት እኩል ስለሆኑ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ብሩክ ጫማ አይቶ፣ "ይሄ ኪራይ ያልከፈለ ሰው አረማመድ ነው" እያለ ያስቀን ነበር።

አራት ነበርን። ጋሽ ተሾመ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ቤዝቦልን ከተሳፋሪዎቻቸውና ከመኪናቸው ሬዲዮ ነው የተማሩት። ብሩክ አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ግሩም የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከመስታወት ቤት ተቀምጦ ትኬት ይቀበላል፤ እሱም ሬዲዮ ያዳምጣል። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ከመጣሁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም፣ ግን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን ሁሉ አነብ ስለነበር ከሁሉም በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የገረመኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጨዋታ በሌለበት ወራት የበለጠ መከራከራቸው። በሐምሌ ጨዋታው በየቀኑ እያለ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። በጥር ሜዳው በረዶ ለብሶ ሳለ ይጨቃጨቃሉ። ግሩምን ጠየቅኩት።

"ጨዋታው ሲጀመር እውነቱ ይታወቃላ!" አለኝ። "አሁን ግን ሁሉም ልጅ ተስፋ ነው።"

አንድ ደንብ ነበራቸው። በየዓመቱ በብርዱ ወራት እያንዳንዱ ሰው ገና ዋናው ቡድን ያልደረሰ አንድ ተስፈኛ ልጅ ይመርጣል። መስከረም ላይ የማን ልጅ የት ደረሰ ተብሎ ይታያል። ልጁ ከሁሉም ወደኋላ የቀረበት ሰው የሁሉንም አንሶላ ያጥፋል። ያንን ዳር ዳሩ ላስቲክ ያለውን አንሶላ ጭምር። "እሱን በትክክል ያጠፈ ሰው ገና አልተወለደም" ይላል ብሩክ።

ያ ቅዳሜ የገና በዓል በዋለ በሳምንቱ መሆኑ ነው። ጋሽ ተሾመ በጠርሙስ ዳቦ ቆሎ ይዘው መጥተዋል። መጀመሪያ ክርክሩ ኳስ በዱላ በሚመታ አንድ ተጫዋች ላይ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የሰባት ዓመት ውል ይፈልጋል።

"ሳይን ያድርጉት!" አለ ብሩክ። "ሰውየው ሲመታ ኳሷ ቪዛ ሳትጠይቅ ነው የምትሄደው።"

"ሲመታ ነበር በለኝ" አሉ ጋሽ ተሾመ። "አንተ ያረጀ ታክሲ በአዲስ ዋጋ የምትገዛ ሰው ነህ። በአርባ ዓመቱ ማን ሊሮጥልህ ነው?"

ከዚያ ወደ ተስፈኞቹ ተዞረ። ግሩም ያልጠበቅነውን ስም ጠራ። ከደሴት አገር የመጣ አንድ ኳስ ወርዋሪ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ተብሎ ተወርቶለት፣ በኋላ ወረቀቱ ሲመረመር ሃያ ሦስት ሆኖ የተገኘ። ቡድኑ ለቆታል። ሌላ ቡድን ያስፈርመው አያስፈርመው ገና አልታወቀም።

እኔ ሳቅሁ። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ያ ሳቅ ይሰማኛል።

"እሱማ አለቀለት" አልኩ። "በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ መወርወር ተስፋ ነው። በሃያ ሦስት ግን ተራ ነገር ነው። ቁጥሩ ይናገራል።"

"ክንዱ ያው ክንድ ነው" አለ ግሩም፤ ካልሲ እያጣመረ ነበር። "ትናንት ሲወረውር ያደነቁት ሰዎች ዛሬ ምን አዩ? ወረቀት።"

"ዋሽቷል እኮ! ዕድሜውን የሚዋሽ ሰው ሌባ ነው። የሌላ ልጅ ቦታ ሰርቋል።"

"ምናልባት እሱ ላይሆን ይችላል የዋሸው።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"ፎርሙን የሞላለት ሰው።"

ብሩክ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም። ጋሽ ተሾመ ግን አልሳቁም። ዳቦ ቆሎውን በእጃቸው እንደያዙ ግሩምን አዩት፣ ከዚያ እኔን። ሳቄ መሀል ላይ እንደ ክር ተበጠሰ። አንድ ነገር እንደረገጥኩ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ግሩም የመጨረሻዋን ካልሲ አጣመረና፣ "ሚኪ፣ ልብሱን አድርሰህ ጃኬትህን ደርበህ ና" አለኝ።

በመኪናው ወጣን። አሥር ደቂቃ እንኳ አልነዳም። በረዶው ቆሟል፤ መንገዱ ጨው ተበትኖበት ነጭና ጥቁር ሆኗል። አንድ የሽቦ አጥር አጠገብ አቆመ። ከአጥሩ ወዲያ ማንም ያልረገጠው የቤዝቦል ሜዳ።

የግሩም ፓስፖርት ላይ ዕድሜው ከፍ ብሎ እንደተጻፈ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። እንደ ቀልድ ነበር የምናወራው። ዲቪውን ሲሞላ፣ ፎርም በሚሞላ አንድ ልጅ እጅ ነው የሞላው። ልጁ የተወለደበትን ዓመት ሲጠይቀው "ሰባ ስምንት" አለው። ልጁም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይቀይር እንዳለ 1978 ብሎ ላከው። ሲደርሰው ነው ስህተቱ የታየው። ያኔ ሁሉም ፈራ። ዓመቱ ቢስተካከል ሌላ ሰው ነው ብለው ቢሰርዙትስ? ስለዚህ ፓስፖርቱም በፎርሙ ዓመት ወጣ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ሆኖ አሜሪካ ገባ። ሰባት ዓመት በአንድ እስክሪብቶ።

ያላወቅኩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

"በመጣሁ በሁለተኛው ወር" አለኝ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ "በዚህ በኩል ሳልፍ ኳስ አጥሩን ዘልላ እግሬ ሥር ወደቀች። መልሼ ወረወርኳት። እዚያ ጋ ለቆመው ልጅ።" በጣቱ አሳየኝ። ጥግ ድረስ ነው። "አልተንቀሳቀሰም። ኳስ መቀበያ ጓንቱ ውስጥ ገባች።"

አዲስ አበባ ሳለ ለትምህርት ቤቱ የእጅ ኳስ ይጫወት እንደነበር አስታወስኩ። ክንዱን ግን አስቤበት አላውቅም።

አሠልጣኙ ወደ አጥሩ መጥቶ ስንት ዓመትህ ነው አለው። "አሥራ ስምንት" አለ፤ እውነቱን። ቡድኑ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሁለት ሳምንት ከእነሱ ጋር ተለማመደ። ጓንት አዋሱት። ከዚያ የምዝገባው ቀን መታወቂያ አምጣ ተባለ።

"ጋሽ ተሾመ ናቸው ሊያስረዱልኝ አብረውኝ የመጡት። የእኛ አቆጣጠር እንዲህ ነው፣ በሰባት ዓመት ይለያል እያሉ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩት። ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር። መታወቂያዬን አየ፣ ፊቴን አየ። 'እኔ አምንሃለሁ' አለኝ። 'ውድድሩ የሚያምነው ግን ካርዱን ነው።'"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጓንቱን መለስኩ።"

ምን ማለት እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ይቅርታ ከአፌ አልወጣ አለ፤ በምትኩ ጥያቄ መጣ። እንዴት ነበር ኳሷን የምትይዛት? ልጆቹ ምን ይሉህ ነበር? ትመታም ነበር ወይስ መወርወር ብቻ? ሁሉንም መለሰልኝ። ደስ እያለው መለሰልኝ። ከሕፃን ልጅ ጋር እንደሚያወራ ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጓደኛ።

በመጨረሻ፣ "ዜግነት ስታገኝ ለምን አላስተካከልከውም?" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። "ፋይሉን ነካክቼው ቢቆምስ? እማዬ በምን ልትመጣ? አንተስ?"

ሌባ ያልኩት ሰው፣ የእኔን ቦታ እየጠበቀ ነበር የኖረው።

ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። የብርድ ጓንቱን አውልቆ በረዶ አፈሰና ጨመቀ፤ እጁ ቀላ። አጥሩ አጠገብ ቆሞ፣ ወደኋላ ተለጥጦ ወረወረው። ከሜዳው ወዲያ ያለው የውጤት ሰሌዳ ምሰሶ ላይ ሲፈነዳ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰን። እኔ ሦስቴ ሞከርኩ። ግማሹም ጋ አልደረስኩም።

"እንዴት ነው ታዲያ" አለኝ እጁ ላይ እየተነፈሰበት፣ "ያንን ልጅ ታስፈርመዋለህ?"

"ዛሬውኑ" አልኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችንም እሱን መረጥን። ብሩክ ጉድ አለ። ሌላ ቡድን በእርግጥም አስፈረመው፤ ግን ትከሻው ታመመ መሰለኝ፣ ታች ቀረ፣ ስሙም ጠፋ። መስከረም ላይ ከግሩም ጋር የሁሉንም አንሶላ አጠፍን። ላስቲክ ያለውን ሁለት ጫፍ እሱ፣ ሁለት ጫፍ እኔ ይዘን ስንጎትት፣ እንደ ኳስ ጠቅልለን ቅርጫት ውስጥ ወረወርነው። የልጁ ክንድ ጥፋት አልነበረበትም ይል ነበር ግሩም እስከ መጨረሻው።

የዛሬ ሁለት ወር ሥራ ላይ ሳለ ልቡ ቆመ። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ስለዚያ ገና መጻፍ አልችልም።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ አልተናገርኩም። ጋሽ ተሾመ ሁሉንም ያውቃሉ፤ ብሩክ ግን አያውቅም። ፎርሙን አውጥቼ ልብስ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለእንግሊዝኛ፣ አንዱ በራስ ቋንቋ ለሚጻፍ። የመቃብሩ ቢሮ፣ በእንግሊዝኛው ስሙ ብቻ ይበቃል፣ በቋንቋችሁ የፈለጋችሁትን ጻፉ ብሎኛል።

"የትኛውን ዓመት ልጻፍ፣ ጋሼ?" አልኳቸው። "እማዬ እውነተኛው ነው የምትለው። እርሶ የወረቀቱ ይላሉ።"

"እናትህ መቼ ነው የወለድኩት ትላለች?" አሉኝ።

"በሰባ ስምንት። ጥቅምት ውስጥ።"

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ይቺን ቁጥር ስንት ጊዜ ጠርቻታለሁ፣ አንድም ቀን ግን አልሰማኋትም። እስክሪብቶውን አነሳሁና በአማርኛው መስመር ላይ ጻፍኩ፤ ከ1978 እስከ 2011 ዓ.ም.። ጋሽ ተሾመ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። መታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ አልተነካም። ከዚያ ቀስ ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ለዚያ አሠልጣኝ የቆጠሩትም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ሠላሳ ሦስት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

ማታ ለእናቴ አሳየኋት። ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አድርጋ አነበበች። "ልጄ ነው" አለች።

ግሩም የመጀመሪያውን ቁጥር በትክክል ነበር የተናገረው። ፎርም የሞላለት ልጅም በትክክል ነበር የጻፈው። የጎደለው ሁለተኛው ቁጥር፣ የሞተበት ዓመት፣ በዚያው አቆጣጠር መቆጠሩ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሰው እስኪሞት ማንም አይጽፈውም። በዚያ መቃብር የሚያልፍ፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠር የማያውቅ ሰው፣ ከስምንት ዓመት በፊት የሞተ ይመስለዋል። ይምሰለው። ቆም ብሎ አንዱን ከአንዱ ቢቀንስ የሚያገኘው ግን የወንድሜን ልክ ዕድሜ ነው።